በሦስተኛው ቀን አዋላጇ የት ናት?

ከጤና ቁጥሮቻችን መካከል እንደ ወሊድ በፍጥነት የተቀየረ ጥቂት ነው። በ2000 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ 10 ደረሰ። በ2016 ወደ 26 ዘለለ። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 ሆነ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ጥናቶቹም የሚታወቁት በዚያው ነው።) አያቶቻችን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ "ማርያም ማርያም" እየተባለ፣ እዚያው ቤታቸው ወለዱ። ከልጅ ልጆቻቸው ግማሽ ያህሉ አዋላጅ ባለችበት ወለዱ። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ዞረው ለፍተውበታል። አምቡላንስ ተገዝቷል፣ ጤና ጣቢያ ተሠርቷል፣ አዋላጆች በብዛት ሠልጥነዋል።

አሁን ያንኑ የ2019 ጥናት ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ከመቶ እናቶች 74ቱ በእርግዝናቸው ወቅት ቢያንስ አንዴ በሠለጠነ ባለሙያ ታይተዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 ናቸው። ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የታዩት ደግሞ 34። ወደፊት በሄድን ቁጥር ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ጤና ተቋም ወልደው፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ወደ ቤት የገቡ እንዳሉ ለመገመት 48ንና 34ን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ 34 ነው። ክትትል ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ሆዷ የገፋ ሴት ናት። ልጁ ከወጣ በኋላ ስለ ክትትል የሚያወራ የለም። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፤ ፋይሉ ይዘጋል። እናት በብዛት የምትሞተው ግን ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደም መፍሰስ በዓለም ላይ እናቶችን በመግደል ቀዳሚ ነው። የሚገድለውም በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከሚሞቱ ጨቅላዎች ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ የመጀመሪያዋን ሳምንት አይጨርሱም። በእኛ አገር ከ1,000 ሕያው ከሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ2000 49 ነበሩ። በ2016 ወደ 29 ወረዱ። በ2019ኙ ጥናት 33 ተገኘ። ልዩነቱ የናሙና ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ጨመረ ብሎ መጮህ አያስፈልግም። ቀነሰ ለማለት ግን አይቻልም። በእነዚያው ዓመታት በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በሩ ድረስ አመጣናቸው፤ ከገቡ በኋላና ከወጡ በኋላ ያለውን ነገር በዚያው ልክ አልሠራንበትም።

ከእርግዝናው ልጀምር። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብዙ የተባለበት ነው። ከተማ ውስጥ በተለይ፣ አልትራሳውንድ ካልተነሳች የታየች የማይመስላት እናት ሞልታለች። በየወሩ እየተነሳች ፎቶውን ለጓደኞቿ የምትልክም አለች። ደስታዋን አልነፍጋትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትነሳ ነው። የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ፣ መንታ ከሆነ ለመለየት፣ የሚታይ ችግር ካለ ለመያዝ። የቀረው ሥራ ተራ ነው፤ ፎቶም የለውም። ደም ግፊት መለካት። ሽንት ማየት። የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ መመርመር። የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል መስጠት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውጋት። ይሄ የመጨረሻው ምን ያህል እንደሠራ ማንም አያነሳውም። በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋግጧል። ድሮ በዛገ ምላጭ እትብቱ ተቆርጦ በሳምንቱ የሚያልፍ ሕፃን ብርቅ አልነበረም። ያን ያስቀረው ትልቅ ሆስፒታል አይደለም፤ ክንድ ላይ የሚወጋ ርካሽ መርፌና ንጹሕ መቁረጫ ነው።

በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት አራት የነበረውን የእርግዝና ክትትል ወደ ስምንት አሳደገ። የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆንም መከረ። የእኛም ጤና ሚኒስቴር በ2022 ባወጣው መመሪያ ስምንቱን ተቀብሏል። ጥሩ። ነገር ግን ጉብኝትን በቁጥር ብቻ የምንለካ ከሆነ ራሳችንን እንሸውዳለን። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው።

እናትየው አንድ ሰዓት በእግሯ ሄዳ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ወረፋው ረጅም ነው። ተራዋ ሲደርስ ቁጭ ሳትል፣ ትንፋሿ ሳይመለስ፣ የደም ግፊት መለኪያው በሹራቧ ላይ ይታሠርባታል። ቁጥሩ ከፍ ካለ "ስለደከመሽ ነው" ይባላል። ዝቅ ካለ ይጻፋል። በሁለቱም መንገድ ያ ቁጥር የሚታመን አይደለም። ሰው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ክንዱ ተራቁቶ፣ እግሩን ሳያነባብር ነው የሚለካው። ከዚያ ሽንቷ ፕሮቲን እንዳለው ሊታይ ይገባል፤ "ስትሪፕ (መመርመሪያ ወረቀቱ) አልቋል" ትባላለች። በካርዷ ላይ ግን አንድ ጉብኝት ተመዝግቧል። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት መጀመሪያ ላይ አያምም። 140 በ90 የደረሰች ሴት እንጀራ ጋግራ፣ ውኃ ቀድታ ልትውል ትችላለች። ስለዚህ የሚያገኘው መለኪያው ብቻ ነው፤ መለኪያው በትክክል ካልተያዘ ስምንቱም ጉብኝት ባዶ ነው።

ምጡን በአጭሩ ልለፈው። የምጡን ሂደት በሰዓት በሰዓት የሚመዘግበው ፓርቶግራፍ፣ የምትፈልገው ሰው አጠገቧ መሆኑ፣ አላግባብ አለመቻኮል፣ አለመጮህ። የመጨረሻውን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። "ስታረግዢው መች ጮህሽ" የሚል ንግግር የሰማች እናት ቀጣዩን ልጇን የምትወልደው ቤቷ ነው። ጤና ሚኒስቴር "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ ለማፍራት ዓመታት ሠርቷል። ገንፎና ቡናን ማዋለጃ ክፍል አጠገብ ያስገቡ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። እናቶች ከመድኃኒት እኩል የሚያስታውሱት ነገር ሆኗል።

ራቅ ካለ ገጠር ለምትመጣ እናት፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ቀድማ መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ከ1987 እስከ 2008 ያለው የሆስፒታሉ መዝገብ ተመርምሮ ነበር። ማቆያው ውስጥ ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 ሕያው ወሊድ 90 ያህል ነበር። በቀጥታ ከቤት ከመጡት መካከል 1,333። ልዩነቱ ያስደነግጣል፤ ግን ተጠንቅቆ ማንበብ ይገባል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ሲያምጡ ቆይተው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸው። ቁጥሩ ማቆያው ተአምር ሠራ ሳይሆን መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጁ ወጣ። አለቀሰ። ከውጭ ያሉት ቤተሰቦች እልልታቸውን ለቀቁ። በዚህች ቅጽበት አዋላጇ ሁለት ሰው አለባት፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ብቻዋን ናት።

ሕፃኑ ይደረቃል። እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ይተኛል፤ ላዩ ይሸፈናል፣ ኮፍያ ይደረግለታል። እትብቱ ወዲያው አይቆረጥም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያች ጊዜ የሚገባለት ደም ለወራት የሚሆን ብረት ይዟል። እናትየው ማህፀኗ ተኮማትሮ ደሙ እንዲቆም ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። ኦክሲቶሲን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ሲሰነብት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ መርፌ የተወጋች እናትም ልትደማ ትችላለች። የእንግዴ ልጁ ይወጣል፤ ሙሉ መሆኑ ይታያል። ማህፀኗ መጠንከሩ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ማህፀኑ፣ ደሙ፣ የልብ ምቱ፣ ግፊቱ ይታያል።

በየ15 ደቂቃው የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። የሁለት ሰዓቱ ክትትል ስምንት ጊዜ ማየት ማለት ነው። ጎን ያለው አልጋ ላይ ሌላ ሴት እያማጠች ከሆነስ? ሦስተኛዋ በር ላይ ከባጃጅ እየወረደች ከሆነስ? መመሪያው አይሳሳትም፤ ሰው ነው የሌለው። ደግሞ የፈሰሰን ደም በዓይን መገመት አስቸጋሪ ነው። ጨርቅ ይመጠዋል፣ መሬት ላይ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች ተካሂዶ ነበር። ከእናትየው ሥር የሚነጠፍ፣ መስመር ያለው ፕላስቲክ ደሙን ሰብስቦ ይለካል። ደሙ ከመጠን ሲያልፍ ማህፀን ማሸት፣ መድኃኒቶቹ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራው አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ባንዴ ይጀመራሉ። ከባድ ደም መፍሰስና ከእሱ የሚመጣው ጉዳት በ60 በመቶ ቀነሰ። ፕላስቲክ ነው። ይሄን ያህል ርካሽ ነገር ለመጠቀም የሚያስፈልገው የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

ሕፃኑም ሥራ አለበት። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት መያዝ። በ2016ቱ ጥናት 73 በመቶ ያህሉ ሕፃናት ይሄን አግኝተዋል፤ ከብዙ አገር የተሻለ ነው። የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የዓይን ቅባት፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ። ገላውን እስከ 24 ሰዓት አለማጠብ። ይሄ ለአያቶች ከባድ ነው። "እንዲህ ቆሽሾ ይታቀፋል?" ይላሉ። ያ ነጭ ቅባት ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ይጠብቃል። ብርድ ለጨቅላ የምር ገዳይ ነው።

ከዚያ መውጫ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋም ውስጥ ይቆዩ ይላል። ብዙ እናቶቻችን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቤት ናቸው። አልጋ የለም፤ ቤት ያሉት ልጆች ይጠብቃሉ፤ ባልየው የተከራየው መኪና ቆሟል። እናትየውም መሄድ ትፈልጋለች፤ ገንፎው፣ የራሷ አልጋ፣ እናቷ እዚያ ናቸው። አልፈርድባትም።

ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጉብኝት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ነው። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት። እኛ ስድስተኛውን ሳምንት እናውቀዋለን፤ ለክትባት እንሄዳለን። ሦስተኛውን ቀን ነው የማናውቀው።

ሦስተኛው ቀን ተራ ቀን አይደለም። ከወሊድ በኋላ የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው። እርግዝናዋ ላይ ደህና የነበረች ሴት ራስ ምታት ይጀምራታል። ዓይኗ ብዥ ይልባታል። "እንቅልፍ ስላጣች ነው" ይባላል። በማግስቱ ያንዘፈዝፋታል። ያኔ የሚጠራው ጸበል ወይም ደብተራ ከሆነ መንዘፍዘፉን የሚያቆመው መድኃኒት፣ ማግኒዥየም ሰልፌቱ፣ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ጡት የሚሞላውም ያን ሰሞን ነው። ይጠጥራል፣ ያማል፤ ልጁ በትክክል ካልጎረሰ ጫፉ ይሰነጠቃል። "ወተቷ አልበቃውም" ተብሎ ጡጦ የሚገዛው በዚያች ቀን ነው። የሕፃኑ ቢጫነትም ከፍ የሚለው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ግን በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት፣ ወይም እጅና እግር ድረስ የወረደ፣ ወይም ልጁን ያፈዘዘው ከሆነ ፀሐይ በማሞቅ የሚታለፍ አይደለም። እናትየውም ያን ቀን እንባ እንባ ይላታል። ብዙዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጡታል። የማይወጡትን ማን ያያቸዋል?

አዋላጅ በሦስተኛው ቀን ቤት ብትመጣ የምታደርገው ነገር ቀላል ነው። እጇን ትታጠባለች። እናትየውን ቁጭ አድርጋ ግፊቷን ትለካለች። የዓይኗን ሽፋን ገልጣ ደም ማነሷን ታያለች። ሆዷን ትዳስሳለች፤ ማህፀኑ ከእምብርት በታች መውረድ አለበት። ሞዴሷን ወይም ጨርቋን አምጪ ትላለች። ይሄ ያሳፍራል፤ ግን መጠኑንና ሽታውን ማየት አለባት። መጥፎ ሽታና ትኩሳት አብረው ከመጡ ማህፀኑ ተመርዟል ማለት ነው። ከዚያ ልጁን ሙሉ በሙሉ ታራቁተዋለች። እትብቱ ዙሪያ መቅላቱን፣ ቆዳው ላይ መግል መኖሩን ታያለች። ሰዓቷን ይዛ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው። በመጨረሻ "እስቲ አጥቢው" ብላ ቁጭ ትላለች። አፉ ሰፍቶ ተከፍቷል? የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቱን ነክቷል? ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ባህላችን የሚገርም ነገር አለው። ብዙ አገሮች አሁን በብዙ ገንዘብ ሊገነቡት የሚሞክሩትን እኛ ድሮ ይዘነዋል። አራስ አትሠራም። ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትታጠባለች። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ ሥጋው። ክርስቲያኑ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ይቆጥራል። ሙስሊሙም የራሱን 40 ይጠብቃል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ብረት ትራሷ ሥር ይደረጋል፣ ሰው አጠገቧ ይተኛል። ብረቱን ተዉት፣ ሰው አጠገቧ መተኛቱ ግን ሕይወት አድን ነው። የአእምሮ መታወክ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በድንገት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ብቻዋን ያልሆነች ሴት ዕድሏ የተሻለ ነው።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይሄን በደንብ ያውቁታል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት ለእናቷ ቪዛ ለማውጣት ከእርግዝናዋ መጀመሪያ አንስታ ትሯሯጣለች። ጥሩ ሆስፒታል አላት፤ ቤት ስትገባ ግን ገንፎ የሚያገነፋላት የለም። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው ቀጠሮ በስድስተኛው ሳምንት ነበር። የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞቹ ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር እናቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲታዩ የመከረው ገና በ2018 ነው። ኔዘርላንድ የምትወልደው ደግሞ በኢንሹራንስ የሚከፈላት የአራስ ተንከባካቢ ከሳምንት በላይ ቤቷ ድረስ ትመጣላታለች። እዚያ ያሉ ሐበሾች መጀመሪያ ይገረማሉ፤ በኋላ ለዘመድ ሁሉ ያወራሉ።

ባህላችን ግን ዓይን የለውም። አራሷን ያሳርፋል፣ ያበላል፤ በሽታዋን አይለይም። ትኩሳት ሲመጣ "ምች ነው" ይባላል። ዳማከሴ ይጨመቃል፤ ትታጠናለች፤ ጋቢ ይደራረብባታል። እውነተኛ ምች ይሁን ሌላ ክርክር ውስጥ አልገባም። ለአራስ ግን ትኩሳት ሁሉ ማህፀን እስኪመረመር ድረስ ምች አይደለም። ዳማከሴው የሚወስደው ሁለት ቀን ነው፤ ማህፀን ላይ ያለ ቁስል ደግሞ ለመግደል ሁለት ቀን ይበቃዋል። "ብርድ መታት" የሚለውም እንደዚያው። ለልጁ ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አልጠፉም። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ አልቦ የሚደፋ ቤትም አለ። የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ነው ሊባል የሚችል ነገር መሬት ላይ ይፈስሳል።

ታዲያ አራስ ቤት ማን ይግባ? በወረቀት መልስ አለን። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን አስቀምጧል። ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። ግን ወላዷ ጤና ጣቢያ መውለዷን የሚነግራቸው አሠራር በብዙ ቦታ አይሠራም። አዋላጇ የጤና ጣቢያ ሰው ናት፣ ኤክስቴንሽኗ የጤና ኬላ ሰው፤ በመካከላቸው ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ካርድ ነው። ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ከሽንት ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከስብሰባ እስከ ሪፖርት ተጭኖባታል። የአንድ ዓመት ሥልጠና ይዛ የማህፀን ቁስል እንድትለይ መጠበቅም ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም።

አዋላጇን እናምጣት ካልን ስለ እሷም መናገር አለብን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ነበር። አዋላጆችም ነበሩበት። ሌሊቱን ስታምጥ ካደረች ሴት ጋር አብራ ያደረች፣ የዲዩቲ ክፍያዋ ለወራት የዘገየ ባለሙያ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ አራስ ትጠይቅ ማለት ቀላል ነው፤ ትራንስፖርቱን የሚከፍል ሲኖር። በጦርነቱ ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ማዋለጃ ክፍል ተዘርፏል፤ አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ሚዛኑ ሄዷል። በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆረጥ የጎደለውም ገና ተሞልቶ አላለቀም።

ግን አንድ የማይሸሽ ነገር አለ። በዓለም ላይ ስለ አዋላጆች በ2021 የወጣው ሪፖርት 900,000 አዋላጆች እንደሚጎድሉ ተናግሯል። እውቀትና ሥልጣን ያላት አዋላጅ በሁሉም ቦታ ብትኖር በ2035 በዓመት 4.3 ሚሊዮን ነፍስ ይተርፋል የሚል ስሌትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 አገሮች እናትየዋን ከእርግዝና እስከ አራስነት አንዲት አዋላጅ ወይም ትንሽ የአዋላጆች ቡድን የሚከታተልበትን አሠራር እንዲይዙ ጠይቋል። በሰሜን ሸዋ ጤና ተቋማት ይሄው ተሞክሮ ነበር። እናቶቹ ከተለመደው አሠራር ይልቅ በአገልግሎቱ ረክተዋል። የሚያስገርም አይደለም። በሦስተኛው ቀን በሩን የምታንኳኳው ሴት ምጥ ላይ እጇን የያዘቻት ከሆነች፣ ሞዴሷን ማሳየት አያሳፍራትም፤ "ዓይኔ ብዥ ይላል" ማለትም አይከብዳትም።

በአንድ ሌሊት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ሊጀመር የሚችል አለ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሚወልዱትን እናቶች ስልክና ቀበሌ ጽፎ ይይዛል። በሦስተኛው ቀን አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ወጪ አይደለም፤ "ራስ ምታት አለ? ትኩሳት? ደሙ ቀነሰ? ልጁ ይጠባል?" አራት ጥያቄ ናቸው። መልሱ አጠራጣሪ የሆነባትን ኤክስቴንሽኗ ትሄድባታለች። ሪፖርት ላይም ከማዋለጃ አልጋ ስትወርድ የታየችውና ቤቷ የታየችው በአንድ ሣጥን አይደመሩ፤ ሲደመሩ ወረዳው መቶ በመቶ ይሞላል፣ አራሷ ግን አልታየችም።

ቤተሰብም የሚያደርገው አለ። እናትየው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ ካራሰች፣ ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ካተኮሳት፣ እግሯ በአንድ ጎን ካበጠና ካመማት፣ ወይም ስለ መሞትና ስለ ልጁ የሚያስፈራ ነገር ካወራች፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ልጁ መጥባት ካቆመ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ እንደዚያው። ይሄን ምክር አዋላጆች ብዙውን ጊዜ መውጫ ላይ ለወላዷ ይነግሯታል። ወላዷ ደክማለች፣ ግማሹን አትሰማም። መኪና ይጠራ፣ አይጠራ የሚወሰነው ደግሞ በብዙ ቤት በእሷ አይደለም። እናቷ፣ ወይ አማቷ ናት የምትወስነው። ስለዚህ ሲነገር እሷም ከኮሪደሩ ተጠርታ ትግባና ትስማ።